አማካሪ የሚባለው ሰው ማን ነው? ልጆቻቸው ለቤዝቦል ድራፍት ለደረሱ ወላጆች የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚያነሡት አንድ ዓይነት ጉዳይ ነው። ልጆቻቸው አሜሪካ ተወልደው ወይም በልጅነታቸው መጥተው ቤዝቦል የሚጫወቱ ወላጆች፣ እነርሱ ራሳቸው በማያውቁት ጨዋታ ውስጥ ከባድ ውሳኔ እንዲወስኑ ተጠይቀዋል። ሦስቱንም አንድ ላይ እንመልሳለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 17 ዓመቱ ሲሆን፣ በትምህርት ቤቱ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ በግራ እጁ የሚወረውር ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲጫወት ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ተስማምቷል። ባለፈው ሐምሌ ከነበሩት ውድድሮች ወዲህ ግን ሦስት ሰዎች ‹አማካሪ ነን› እያሉ ካርዳቸውን ሰጥተውናል። አንደኛው ቤታችን ድረስ መጥቶ ‹ገንዘብ አልጠይቃችሁም፤ ይህችን ወረቀት ብቻ ፈርሙልኝ› ብሏል። ባለቤቴ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ዕድሉን እንዳያጣ ትፈራለች። ወንድሟ ደግሞ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ ‹የክለብ ሰዎች ሲመጡ እኔ ላነጋግርላችሁ› ይላል። አማካሪ የሚባለው ሰው ሥራው ምንድን ነው? ለእኛስ ያስፈልገናል?»

መልስ፦ ከባለቤትዎ ፍርሃት ልጀምር፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ድራፍት የሚባለው በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚካሄድ የተጫዋቾች ምርጫ ሲሆን፣ የተጀመረው በ1965 ነው። 30ዎቹ የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ክለቦች በተራ በተራ እየመረጡ 20 ዙር ይሄዳሉ። አንድ ክለብ ልጅዎን ከመረጠው ልጁ መደራደር የሚችለው ከዚያ ክለብ ጋር ብቻ ነው፤ ሌላው ክለብ የተሻለ ልክፈል ቢል እንኳ አይፈቀድለትም። ገዥው አንድ በሆነበት ገበያ ሻጩ ዋጋ ማስጨመር የሚችለው «አልሸጥም» ማለት ሲችል ብቻ ነው። ለልጅዎ ደግሞ «አልሸጥም» ማለት «ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» ማለት ነው፤ በእጁ ያለው የመደራደሪያ ኃይል ይኸው ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ቦታውን አደጋ ላይ የሚጥል ማንኛውም ነገር ከክለብ ጋር ሲፈርም የሚያገኘውን የፊርማ ገንዘብም አደጋ ላይ ይጥላል። ባለቤትዎ የፈሩት ስለ ትምህርቱ ብቻ ቢሆንም፣ ፍርሃታቸው የገንዘቡንም ጉዳይ በትክክል የያዘ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብዎን ያሳርፍልዎት። በቤዝቦል አንድ ተጫዋች ለምርጫው ስሙን ማስመዝገብ አያስፈልገውም፤ መመረጡ ብቻውንም የኮሌጅ ዕድሉን አያሳጣውም። የሚያሳጣው ከክለቡ ጋር ውል መፈረሙ ነው። ሌላው የሚያሳጣው ነገር፣ እርስዎን የሚመለከተውም ይህ ነው፣ ከወኪል ጋር ያለው ግንኙነት ደንብ የጣሰ ሲሆን ነው።

«አማካሪ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚሁ ደንብ ነው። የኮሌጆች ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ለረጅም ዘመን የያዘው አቋም፣ ተጫዋቹ የቀረበለት ውል ምን ያህል እንደሚያዋጣ ምክር መጠየቅ ይችላል፣ ነገር ግን ምክር የሚሰጠው ሰው፣ ጠበቃ እንኳ ቢሆን፣ ከክለቡ ጋር ሊነጋገርና ድርድሩ ላይ ሊገኝ አይችልም የሚል ነው። በመሆኑም በሙያው ወኪል የሆነ ሰው ወጣት ተጫዋች ዘንድ ሲመጣ ራሱን አማካሪ ብሎ ይጠራል። ካርዱን የሰጣችሁ ሰው ይህን ማድረጉ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ እናንተ ግን የምታነጋግሩት ወኪልን መሆኑን ልታውቁ ይገባል።

በ2016 መጀመሪያ ላይ ደንቡ በከፊል ላላ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የተመረጠ ልጅ በድርድሩ ወቅት ወኪል ሊወክለው ተፈቀደለት። ሆኖም ልጁ ለአገልግሎቱ የተለመደውን ክፍያ እንዲከፍል፣ ከውክልናው ሌላ ምንም ጥቅም እንዳይቀበል፣ ካልፈረመም ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ውክልናውን እንዲያቋርጥ ተደነገገ። ልጅዎን የሚመለከተው ይህ ነው። የክፍለ ግዛታችሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር የራሱ ደንብ ስላለውና የኤንሲኤኤም ደንብ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ልጁ የሚገባበትን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ደንብ አስከባሪ ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። በስልክ የተሰጠ መልስ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ወረቀቲቱ እንምጣ። በቤታችሁ በተገናኛችሁበት ምሽት አለመፈረማችሁ ደግ ነው። ብዙ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የስፖርተኛ ወኪሎች ሕግ ተማሪው ከፈረመ በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ ውሉን እንዲሰርዝ መብት ይሰጠዋል። በ2004 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ወኪሉ በሐሰት ተስፋ ወይም በስጦታ ተማሪ እንዳያግባባ፣ የኮሌጅ ተሳትፎውን ሊያጣ እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያስጠነቅቅ፣ ውሉ ከተፈረመም በ72 ሰዓት ውስጥ ለትምህርት ቤቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ያ ሰው ያቀረበላችሁ ወረቀት ይህን ማስጠንቀቂያ መያዝ አለመያዙን ተመልከቱ። የምትፈርሙት ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ከየትኛው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ በምን ሁኔታ ልትለያዩ እንደምትችሉ በግልጽ ካልተጻፈ አትፈርሙ። «ገንዘብ አልጠይቅም» ማለቱም የሚያስመካ አይደለም፤ ድርሻውን የሚወስደው ልጁ ሲፈርም ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ ነውና። በዚህ ሙያ ከ3 እስከ 5 በመቶ የተለመደ ነው። ጓንት፣ ጫማ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የግል አሠልጣኝ ክፍያ ልስጥ ካለ ግን አመስግናችሁ መልሱለት፤ እያንዳንዱ ስጦታ በኋላ ልጁ ላይ የሚቆጠር ነው።

ከአከፋፈሉ ሌላም ነገር መረዳት ይገባል። አማካሪው ከልጁ ፊርማ እንጂ ከልጁ ትምህርት የሚያገኘው ገንዘብ የለም። አብዛኞቹ አማካሪዎች ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይሻለዋል ብለው በቅንነት የሚመክሩም አሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በተሻለ ገንዘብ ሊፈርም ስለሚችል ምክሩ ለራሳቸውም ሊጠቅም ይችላል። ያም ሆኖ «ልጃችን ስንት ቢከፈለው ነው ዩኒቨርሲቲን የሚተወው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው አማካሪው ሊሆን አይገባም። መልሱ በቤታችሁ፣ ልጁ በተቀመጠበት፣ ከሐምሌ በፊት መገኘት አለበት።

ይህ ቁጥር በድራፍቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ለእያንዳንዱ ተራ የተመደበ ገንዘብ አለ፤ ክለቡም የተራዎቹን ድምር እንደ አንድ ቋት ይይዘዋል። ከቋቱ ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ ወደፊት የሚያገኘውን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ያጣል። በ2025 ለአንደኛው ተራ የተመደበው 11,075,900 ዶላር ነበር፤ የዋሽንግተን ክለብ ግን ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣውን ኢላይ ዊሊትስን መርጦ በ8.2 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመውና የተረፈውን ለሌሎች ምርጫዎቹ አዋለው። ከ10ኛው ዙር በኋላ ደግሞ ለአንድ ልጅ እስከ 150,000 ዶላር የሚከፈለው ከቋቱ አይቆጠርም። ስለዚህ የክለብ መልማዮች ከምርጫው ቀን በፊት ለቤተሰቡ «ልጁ በስንት ይፈርማል?» የሚል ጥያቄ ያቀርባሉ፤ በምርጫው ቀንም ስልክ ደውለው «በዚህ ያህል እንምረጠው?» ይሏችኋል። መልስ የምትሰጡበት ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ያን ሰዓት መማከር የሚጀምር ቤተሰብ የሚያስማማው ቁጥር ላይ ሳይደርስ ተራው ያልፋል፤ ወይም ተጣድፎ እሺ ይልና ይጸጸታል።

ቁጥሩን ስታስቡ ልጁ ኪሱ የሚገባውን እንጂ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን አታስቡ። ለምሳሌ 300,000 ዶላር ቢባል፣ በ5 በመቶ ስሌት 15,000 ዶላር ለወኪሉ ይሄዳል። ግብሩ የሚሰላው ግን ከሙሉው 300,000 ላይ ነው፤ ከ2018 ወዲህ እንዲህ ያለውን ክፍያ ከፌዴራል የገቢ ግብር ላይ መቀነስ አይፈቀድምና። ከዚያ በኋላ ልጁ ከሜጀር ሊግ በታች ባለው በማይነር ሊግ ደመወዝ ይኖራል። በ2023 ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው አማካይነት ባገኙት የመጀመሪያ የጋራ ስምምነት ደመወዙ በብዙ አድጓል፤ ይሁን እንጂ በዝቅተኛው ሙሉ የውድድር ደረጃ በዓመት 26,200 ዶላር፣ በከፍተኛው በትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በሌላው ሚዛን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ዋጋ አስቀምጡ፦ ስኮላርሺፑ ስንት በመቶ ይሸፍናል? ልጁ ትምህርት ይወዳል? ከቤት ርቆ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለመኖር በ18 ዓመቱ ዝግጁ ነው? ይህን የሚያውቀው እናቱና አባቱ እንጂ መልማይ አይደለም።

ክለቡ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ በውሉ ውስጥ እንዲያካትት መጠየቅ ይቻላል፤ እጅግም የተለመደ ነው። ጥሩ አማካሪ ይህን ሳይጠየቅ ያነሣዋል። ሁለት ነገር ይታይ፦ መጠኑ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ልጁ ወደ ትምህርት የሚመለስበትን ጊዜ ክፍያ የሚመጥን እንዲሆን፣ ሁለተኛም ተጫዋቹ መጫወት ካቆመ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ካልጀመረ መብቱ እንደሚቀር ልጁ ራሱ እንዲያውቀው።

ስለ ጤና ምርመራ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርዎ፤ ልጅዎ ፒቸር ነውና ይመለከተዋል። በ2014 የሂዩስተን ክለብ ብሬዲ ኤይከን የተባለውን የ17 ዓመት ግራኝ ፒቸር አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ በ6.5 ሚሊዮን ዶላርም ተስማሙ። ከምርመራው በኋላ ክለቡ ስለ ክርኑ ጅማት ሥጋት አደረበት፤ የሚከፍለውንም ቀነሰ፤ ጊዜው አለፈና ልጁ ሳይፈርም ቀረ። በዚያው ዓመት ያው ክለብ ጄኮብ ኒክስ ከተባለ ሌላ ፒቸር ጋር በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ነበር፤ የኤይከን ስምምነት ሲፈርስ ቋቱ ስለጠበበ የእርሱም ፈረሰ። የሁለቱም ልጆች አማካሪ አንድ ሰው ነበር። ጥፋቱን በማንም ላይ አላደርግም፤ ነገር ግን የአንዱ ልጅ ጉዳይ የሌላውን እንዴት ሊያናጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። ኤይከን በቀጣዩ ዓመት የክርን ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በ17ኛ ተራ በክሊቭላንድ ተመርጦ ፈረመ፤ ሜጀር ሊግ ግን አልደረሰም። ስለዚህ አማካሪ የሚሆናችሁን ሰው «በዚህ ዓመት ስንት ልጆች ታማክራለህ? ሁለቱ በአንድ ክለብ ቢመረጡስ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የልጁን የሕክምና ፎቶዎችና መረጃዎች ለማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ዋስትና እንደሚሰጥም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የባለቤትዎን ወንድም በተመለከተ፦ በአገራችን ወግ ለትልቅ ጉዳይ ሽማግሌ ይላካል፤ የሚናገረው ባለጉዳዩ ሳይሆን የተከበረ ዘመድ ነው። ወጉን እወደዋለሁ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ወላጆች ከክለብ ጋር ስለ ልጃቸው መነጋገር ይችላሉ፤ ከወላጅ ውጭ የሆነ ሰው ስለ ልጁ ገንዘብ ሲነጋገር ግን ዘመድ ቢሆንም በደንቡ ዓይን ወኪል ሊባል ይችላል። አጎቱ እርስዎ አጠገብ ተቀምጦ ያስተርጉም፤ ቁጥር ግን ከእርሱ አፍ አይውጣ። ይህንንም ከዩኒቨርሲቲው ደንብ አስከባሪ አስቀድማችሁ ብታረጋግጡ ይመረጣል።

እንግዲህ አማካሪ ያስፈልጋችኋል ወይ? መልማዮች ወደ ቤታችሁ እየመጡ፣ መጠይቅ እየላኩና ስለ ገንዘብ እየጠየቁ ከሆነ፣ አዎን፣ ያስፈልጋችኋል። ክለቡ በየዓመቱ ይህን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ አለው፤ እናንተ በዕድሜያችሁ አንድ ጊዜ ነው የምታደርጉት። የመጡት ግን ካርድ ሰጪዎች ብቻ ከሆኑ አትቸኩሉ። የሚመርጡት ሰው በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ መሆኑን ማኅበሩን ጠይቁ፤ ከዚህ ቀደም ካማከራቸው ቤተሰቦች መካከል ልጃቸው ፈርሞ የሄደውንም፣ ሳይፈርም ዩኒቨርሲቲ የገባውንም አነጋግሩ። በተለይ ሁለተኛውን። ልጁ ካልፈረመ በኋላ አማካሪው ስልክ አንሥቶ እንደሆነ የሚነግራችሁ ያ ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ «ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ በዚህ ሐምሌ ይመረጣል እየተባለ ነው። አማካሪ ካለው ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ‹ከክለቦቹ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ፤ እናንተ አትጨነቁ፤ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው› ይለናል። እውነት ሁሉም እንዲህ ያደርጋል?»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት አልጠራጠርም። የሚያስከትለውን ግን የሚሸከመው ልጅዎ እንጂ አማካሪው አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የ2016 ማሻሻያ የወጣው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚመረጡ ልጆች ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ያለው ተጫዋች በአሮጌው ደንብ ሥር ቀርቷል።

ሦስት ታሪኮች ልንገርዎ። አንዲ ኦሊቨር በ2006 የሚኒሶታ ክለብ ሲመርጠው ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ የክለቡ ሰው ቤታቸው ሲመጣ አማካሪው በቦታው ተገኘ። ልጁ ሳይፈርም ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ አማካሪዎቹን ሲያሰናብት ጉዳዩ ወጣ፤ በ2008 ቡድኑ ለኮሌጆች የሻምፒዮና ውድድር በተዘጋጀበት ሰዓት ኦሊቨር ታገደ። የኦሃዮ ፍርድ ቤት በ2009 ለእርሱ ፈረደለት፤ ከዚያም ኤንሲኤኤ 750,000 ዶላር ከፍሎ ተስማሙ። ስምምነቱ ፍርዱን ስላስቀረው ደንቡ ሳይነካ ቆየ። በዚያው በ2009 የቶሮንቶ ክለብ የመረጠው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ፓክስተን ሳይፈርም ለአራተኛ ዓመቱ ተመለሰ፤ የክለቡ ፕሬዚዳንት ከአማካሪው ጋር መነጋገሩን ለጋዜጣ ተናግሮ ስለነበር ምርመራ መጣበት፤ ፍርድ ቤትም አልረዳውም፤ የመጨረሻውን የኮሌጅ ዓመት ሳይጫወት ቀረ። በ2014 ደግሞ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቤን ዌትዝለር 11 ጨዋታ ታገደ። እርሱን ለኤንሲኤኤ ያሳወቀው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መርጦት ሊያስፈርመው ያልቻለው ክለብ ነው። ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናይ፣ ምስጢሩ የወጣው አንድ ጊዜ በተሰናበተ አማካሪ፣ አንድ ጊዜ በክለብ መሪ ንግግር፣ አንድ ጊዜ በተቀየመ ክለብ ነው። ልጁ አንዱንም ሊቆጣጠር አይችልም ነበር።

ደንቡ ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የ21 ዓመት ወጣት በሙያተኛ ጠበቆች ከተከበበ ክለብ ጋር ያለ ወኪል እንዲደራደር ማድረግ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያፍርበት ነገር ነው። ይሁንና ልጅዎን በማያምኑበት ደንብ ላይ የሚፈተን ምሳሌ አታድርጉት። አማካሪው ለእናንተ ይንገር፤ ለክለቡ የሚናገሩት ልጁና እናንተ ሁኑ። ኢሜይሉም ከልጁ አድራሻ ይውጣ። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ስለተፈቀደ ለዚያ ሥራ ወኪል መያዝ ይቻላል፤ ያ ወረቀት ግን የማስታወቂያ ሥራን ብቻ የሚመለከት ይሁን፤ ከክለብ ጋር ስለሚደረግ ውል አንድ ቃል እንዳይጨመርበት ያንብቡት።

ልጅዎ ሦስተኛ ዓመት መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዘንድሮ ካልተስማማ ለአንድ ዓመት መመለስ ይችላል፤ ክለቡም ያውቀዋል። በሚመጣው ዓመት ግን የሚመለስበት ስለማይኖረው አራተኛ ዓመት ላይ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ በጥቂት ገንዘብ ይፈርማሉ። ይህን ጥቅም ሊያሳጣው የሚችለው፣ መመለስ እንዳይችል የሚያደርገው የደንብ ጥሰት ነው።

ጥያቄ፦ «የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዜግነት ገና የለውም። ሲያትል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራል፣ ቤዝቦልም ይጫወታል። በድራፍት ሊመረጥ ይችላል?»

መልስ፦ ይችላል። ድራፍቱ የሚያየው ዜግነትን ሳይሆን ነዋሪነትንና ትምህርት ቤትን ነው፤ በአሜሪካ ወይም በካናዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የተወለደበት አገር ሳይጠየቅ በዚሁ በኩል ያልፋል። ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ልጆች ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ የሚፈርሙበት መንገድ እርሱን አይመለከተውም። ከተመረጠና መፈረም ከፈለገ ለመሥራት የሚያስችለው ፈቃድ ጉዳይ ይነሣል፤ ይህን የሚመልስላችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንጂ የቤዝቦል አማካሪ አይደለም፤ ቀጠሮውም ከሐምሌ በፊት ቢያዝ መልካም ነው።